የኅዳር ጭስ፣ የምጣድ ጭስና በማህፀን ያለ ልጅ

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር (አዲስ አበባ)፣ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሰባተኛ ወሬን ይዣለሁ። ትናንት ኅዳር 12 በሰፈራችን እንደ ልማዱ ቆሻሻ በየበሩ ተከምሮ ሲቃጠል ዋለ። ከደረቁ ቅጠልና ከወረቀቱ ጋር የውሃ ፕላስቲክ፣ ያረጀ ጫማና ፌስታል አብሮ ይነድ ስለነበር ጭሱ ጥቁርና ጉሮሮ የሚከረክር ነበር። መስኮቱን ዘግቼ፣ ከበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ደፍኜ ብቀመጥም ሽታው እስከ ሌሊት አልለቀቀኝም። አያቶቻችን ይህን ማጠን የጀመሩት በ1911 ዓ.ም. ሕዝቡን ከፈጀው የኅዳር በሽታ ለመዳን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ልማዱንም አከብራለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ የሚቃጠለው ነገር ፕላስቲክ አልነበረም።

ይህን ሳስብ ግን የባሰው ጭስ ያለው እዚያው ቤቴ ውስጥ መሆኑ ትዝ አለኝ። የምኖረው ከባለቤቴ እናት ጋር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖረንም መብራት ስለሚቆራረጥ በየሦስት ቀኑ ማድ ቤት ገብተን በእንጨትና በባህር ዛፍ ቅጠል እንጋግራለን። ባለፈው ቅዳሜ 40 ያህል እንጀራ ጋግሬ ስነሳ ራሴን አዞረኝ፤ ግቢው ውስጥ ትንሽ ከተቀመጥኩ በኋላ ተሻለኝ። እማማ «ወተት ጠጪበት፣ ጭሱን ያጥበዋል» ብለው ሰጡኝ። ለመሆኑ ጭሱ እስከ ልጁ ይደርሳልን? ወተት፣ ነጠላ በአፍንጫ መሸፈን ወይም ማስክ ማድረግ ይረዳልን? የምታውቁ ብትመልሱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዋላጅ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። መጀመሪያ የሚያጣድፈውን ልንገርሽ። ከምድጃ ተነስተሽ ንጹሕ አየር ስታገኚ የሚለቅ የራስ ማዞር ብዙ ጊዜ የጭሱ ሥራ ነው። ከጭስ ርቀሽም የማይለቅሽ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ ግን ቀጠሮሽን ሳትጠብቂ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂጂና ደም ግፊትሽን ተለኪ። «ጭስ ነው» ብሎ ግፊትን መዘንጋት እናትንም ልጅንም ያሳጣል።

ወተቱ ምግብ ነውና ጠጪው፤ ጭስን ግን አያጥብም። ጭሱ የሚገባው በሳንባ ወደ ደም ነው፤ ወተቱ የሚሄደው ወደ ጨጓራ ነው። ነጠላም ቢሆን ዓይን የሚታየውን ጥላሸት ከመያዝ በቀር ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም።

የእኛ አገር ብርድ የታወቀ ነው። ማታ ማታ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥለው «ጭሱ አልፏል፣ ፈሟል» ብለው ወደ መኝታ ቤት ያስገቡታል። ባለፈው ክረምት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ከነባሏ በዚህ ምክንያት ራሷን ስታ መጥታ ነበር። ቤተሰቧ ደጋግሞ የነገረን አንድ ነገር ነው፦ «ጭስ እኮ አልነበረም!» የፈመ ከሰል ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን፣ ሽታም ቀለምም የሌለውን ጋዝ መልቀቁን አያቆምም። እሷ በኦክስጅን ዳነች። ስለ ልጁ ግን እስከተወለደበት ቀን ድረስ ሁላችንም በስጋት ነበርን።

የማህፀንና ፅንስ ሐኪም

ጠያቂያችን «እስከ ልጁ ይደርሳልን?» ብለዋል። አዎን፣ ይደርሳል፤ የሚደርሰውም በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው አዋላጇ ያነሱት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ጉልበት ነው። የፅንሱ ሄሞግሎቢን ደግሞ ከእናቱ ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል። በዚህ የተነሳ በፅንሱ ደም ውስጥ ቀስ ብሎ ይጠራቀምና ቀስ ብሎ ይወጣል። እርስዎ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ራስዎ ሲረጋጋ፣ እሱ ገና ከዚያ ጋዝ ጋር እየታገለ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የደም ማነስ ያለባት እናት ድርብ ተጎጂ ናት፤ የተሰጠዎትን የአይረን ኪኒን እንዳያቋርጡ የምመክረውም ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ መሆኗንም አንርሳ፤ ከምንተነፍሰው አየር የምናገኘው ኦክስጅን ቀድሞውኑ ከቆላው ያነሰ ነው።

ሁለተኛው ፒ.ኤም. 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት በ30 እጥፍ ገደማ ስለሚያንስ አፍንጫም ጉሮሮም አያስቀሩትም፤ የሳንባ ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል። ነፍሰ ጡር ሴት በደቂቃ የምታስገባው አየር ከቀድሞው እስከ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ በአንድ ማድ ቤት ውስጥ አብራት ከተቀመጠች ሴት ይበልጥ ትስባለች። ብናኙ በሰውነት ውስጥ ብግነት ያስነሳል፣ የደም ሥሮችን ያውካል፣ ወደ እንግዴ ልጅ የሚሄደውንም ደም ያሳንሳል። ቀድሞ «እንግዴ ልጅ ያጣራዋል» ብለን እናስብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ግን የቤልጂየሙ የሃሰልት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጥላሸት ቅንጣቶችን በእንግዴ ልጅ በፅንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ አግኝተዋቸዋል። በ2022 ደግሞ ከስኮትላንድ ባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት ቅንጣቶቹ በፅንስ ጉበት፣ ሳንባና አንጎል ውስጥም ታይተዋል። ይህን ሳነብ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ከዚያ ወዲህ የእርግዝና ክትትል ካርድ ስሞላ «የት ነው የምታበስዪው?» ብዬ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ቀን የለም።

ውጤቱን በተመለከተ በብዙ አገሮች ተደጋግሞ የታየው ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ሆኖ መወለድ፣ ከ37 ሳምንት በፊት መወለድና ሞቶ መወለድ ነው። በእናቲቱ በኩል በእርግዝና ጊዜ የሚነሳ የደም ግፊትና ፕሪኤክላምፕሲያ (ግፊቱ ከፍ ብሎ ሌሎች የሰውነት ክፍሎችንም የሚጎዳበት ሕመም)፣ እንዲሁም የእርግዝና ስኳር ከብክለቱ ጋር ተያይዘው ይገኛሉ። በዓለም ደረጃ በተሠራ ግምት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 500 ሺህ የሚጠጉ ጨቅላ ሕፃናት በተወለዱ በአንድ ወር ውስጥ ከአየር ብክለት ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። ከእነዚህ ሦስት እጅ ሁለቱ የሚያያዘው ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር ነው።

የጎጃም ልጅ

ሐኪሙን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ነፍሰ ጡር እህታችንን ባናስፈራራት ጥሩ ነው። እናቴ ስምንት ልጆች የወለደችው በጉልቻ ዙሪያ፣ በኩበት ጭስ ውስጥ ነው። ያደግንበት ጎጆ ጣሪያው በጥቀርሻ ጠቁሮ እንደ ቅጥራን ያብረቀርቅ ነበር። ሁላችንም ጤነኞች ነን። ሰው ከጥንት ጀምሮ ከእሳት ጋር ኖሯል።

አዋላጅ ነርስ (ደብረ ብርሃን)

ወንድሜ፣ እናትህን ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ቃል በየዕለቱ ስለምሰማ በቅሬታ አትይብኝ፤ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅህ። ስምንት ስትል በሕይወት ያላችሁትን ነው ወይስ የተወለዱትን ሁሉ? እኔ የማዋልዳቸውን እናቶች «ስንት ወለድሽ?» ስላቸው አምስት ይላሉ፤ «ስንት አለሽ?» ስላቸው ሦስት። የሁለቱን ምክንያት የሚነግረን የለም። ሁሉም በጭስ ሞቱ አልልህም፤ ግን ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ በብርድ፣ በጡት መጥባት አለመቻልና በሳንባ ምች ቶሎ ይሸነፋል፤ በዚያ ጊዜ ጭሱን የሚያስታውሰው የለም።

የጎጃም ልጅ

ጥያቄሽ ዝም አሰኝቶኛል። ማታ ለእናቴ ደወልኩ። የተወለድነው አሥር ነን። ሁለቱ ክርስትና ሳይነሱ ሞተዋል፤ አንዱን «በጣም ደቃቃ ነበር፣ በጥጥ ጠቅልዬ ነበር የማጠባው» አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ስለ እነሱ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ይኸው ነው የምለው።

ከሲያትል

እኔ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 የዱር እሳቱ ጭስ ከተማችንን ሲሸፍን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ፀሐይዋ በቀትር እንደ ብርቱካን ቀልታ ትታይ ነበር። ሐኪሜ የመከረችኝ ከቤቱ አንዱን ክፍል መርጬ እዚያ የአየር ማጣሪያ እንዳስቀምጥ፣ እዚያው እንድተኛ፣ ስወጣ ኤን 95 የሚባለውን ማስክ ፊቴ ላይ በደንብ አጥብቄ እንዳደርግ ነው። ስለ ማስክ ለጠየቅሽው፦ ኤን 95 ብናኙን በደንብ ይይዛል፤ ሰማያዊው የሐኪም ማስክ ግን በጎን በኩል ያሾልካል። ሁለቱም ካርቦን ሞኖክሳይድን አይከለክሉም። ስለዚህ ለኅዳር 12 ጭስ ወይም ለመንገድ አቧራ ይጠቅምሽ ይሆናል፤ ከሰል ያለበት የተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን ማስክ አድርጎ መቀመጥ ራስን ማታለል ነው።

ስለ መኪና ጭስም አንድ ነገር ልጨምር። በኒው ጀርሲና በፔንስልቬንያ አውራ ጎዳናዎች ላይ መኪኖች ክፍያ ለመክፈል ይሰለፉበት የነበረው ቦታ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ሲተካ ሰልፉ ቀረ። ከክፍያ ጣቢያዎቹ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ በሚኖሩ እናቶች ዘንድ ያለጊዜው መውለድ በ11 በመቶ ገደማ፣ አነስተኛ ክብደት ያለው ልጅ መውለድ ደግሞ በ12 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ልብ በሉ፣ እናቶቹ ያደረጉት ምንም ነገር የለም፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። በአዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ከጭስ ማውጫ ጀርባ ለሚቆሙ እህቶቼ ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት መከልከሏን ስሰማ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው፤ ያረጁት ግን ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ናቸው።

የሕብረተሰብ ጤና ተማሪ

ለሐኪሙ ጥያቄ አለኝ። በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በሩዋንዳ 3,200 ያህል ነፍሰ ጡሮችን ያሳተፈው ሃፒን የተባለው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ ታትሟል። ግማሾቹ የጋዝ ምድጃና ነፃ ጋዝ ተሰጥቷቸው፣ በደንብም ተጠቅመውበት ነበር። ሆኖም በልጆቹ የልደት ክብደት ላይ የታየው ልዩነት 20 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ይህም በአኃዝ ስሌት ልዩነት አለ ለማለት አላስቻለም። ታዲያ «ምድጃ ቀይሪ» ብለን ለእናቶች የምንሰጠው ምክር ማስረጃው የት አለ?

የማህፀንና ፅንስ ሐኪም

ይህን ማንሳትዎ ተገቢ ነው፤ የሚጠቅመንን ጥናት ብቻ እየመረጥን ብንጠቅስ እናቶችን እንደዋሸናቸው ይቆጠራል። ውጤቱ እኔንም አሳዝኖኛል። ሆኖም በዝርዝር እንየው። ሴቶቹ ወደ ሙከራው የገቡት ከ9ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ደግሞ እንግዴ ልጅ ሥር የሚሰድበት የመጀመሪያው ጊዜ ለብዙዎቹ ካለፈ በኋላ ነው። እንደ ቀድሞው ያበሰሉት የሚተነፍሱት ብናኝ በአንድ ሜትር ኩብ 70 ማይክሮግራም ገደማ ሲሆን፣ በጋዝ ያበሰሉት ግን 24 ገደማ ነበር። ትልቅ ቅናሽ ነው፤ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ካወጣው የ5 ማይክሮግራም ዓመታዊ መመሪያ ጋር ሲተያይ ገና ወደ አምስት እጥፍ ይጠጋል። ጎረቤት በእንጨት ሲያበስል፣ መንገዱ ሲያቦን፣ ቆሻሻ ሲቃጠል አንድ ቤት ብቻውን ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

በሌላ በኩል በጓቲማላ ተራሮች ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የተሰጣቸው እናቶች ልጆች በአማካይ ወደ 90 ግራም የሚጠጋ ክብደት ጨምረው ተወልደዋል። በናይጄሪያዋ ኢባዳን በኤታኖል ምድጃ ያበሰሉት ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የታችኛው የደም ግፊታቸው እንደሌሎቹ ከፍ አላለም። በቤጂንግ እ.ኤ.አ. የ2008ቱ ኦሎምፒክ ፋብሪካና መኪና ሲገደብ፣ ስምንተኛ ወራቸው በዚያ ጊዜ ላይ የዋለ እናቶች ልጆች ከሌሎቹ ዓመታት በአማካይ 23 ግራም ከብደው ተወልደዋል። ሁሉንም አንድ ላይ ሳስቀምጠው የምረዳው፣ ጉዳቱ እውነት መሆኑን፣ አንዲት እናት ምድጃዋን ብቻ ቀይራ የምታገኘው ጥቅም ግን ከምንመኘው ያነሰ መሆኑን ነው። የልደት ክብደትም ብቸኛው መለኪያ አይደለም። ራስን የሚያዞር ካርቦን ሞኖክሳይድን ለመሸሽ ምንም ዓይነት ተጨማሪ ሙከራ መጠበቅ አያስፈልገንም።

በነገራችን ላይ በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ መሣሪያ በየሰዓቱ ያሳየን የነበረው የብናኝ መጠን በ2017 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ላይ ለሕዝብ መታየቱ ቆሟል። የራሳችን፣ ማንም እናት በስልኳ ከፍታ የምታየው ልኬት በየክፍለ ከተማው ሊኖረን ይገባል።

ምድጃ ሠሪው (ባሕር ዳር)

እኔ ምርጥ ምድጃ በሲሚንቶና በአሸዋ ስሠራ 14 ዓመቴ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ እሳት ግን ጥቂት አውቃለሁ። በተከፈተ ጉልቻ በሚጋገርበት ማድ ቤት ብናኙ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺ በላይ ማይክሮግራም ይደርሳል፤ ለካሁት ብለው የመጡ ተማሪዎች በእኔው ማድ ቤት መሣሪያቸውን ሰቅለው አሳይተውኛል። ምርጥ ምድጃ እሳቱን ስለሚሸፍነው እንጨቱን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ጭስ ማውጫ ካልተገጠመለት ጭሱ በኋላ በኩል ወጥቶ እዚያው ቤት ውስጥ ይቀራል። ይህን ለገዢ የማይናገር ሠሪ ልክ አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ቧንቧው ከጣሪያ በላይ ይውጣ፤ ቢያንስ ከበሩ ትይዩ ከፍ ያለ መስኮት ይከፈት።

ከሁሉ የከፋው ጭስ የሚወጣው ሲለኮስና ሲጠፋ ነው። ብዙ ሴቶች ለመለኮስ ፌስታል ይጠቀማሉ፤ እባካችሁ ይቅር። እርጥብ እንጨት ከሆነ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይደር። ምጣዱ እስኪግል ድረስ ነፍሰ ጡሯ ውጭ ትቆይ፤ ጭሱ የሚበዛው ያኔ ነውና ሌላ ሰው ያቀጣጥልላት። ባልየው ማቀጣጠል አያቅተውም።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግፊቴን ዛሬ ጠዋት ተለካሁ፤ ደህና ነው ተብያለሁ። ይህን ገጽ ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ የጎጃሙን ወንድማችንን ቃል ሲሰማ እማማም አብረው ያዳምጡ ነበርና ቀና ብለው «እኔም አንድ አለኝ» አሉ። ባለቤቴ ከእሱ በፊት የተወለደ ወንድም እንደነበረው ያወቀው ዛሬ ነው።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብና የራሱ መስመር ስለሌለው ነበር ቆጣሪው ቶሎ ቶሎ የሚጥለው፤ ነገ ኤሌክትሪሻን ይመጣና ለብቻው መስመር ይዘረጋለታል። መብራት የሚኖረው አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ስለሆነ እማማ ሊጡን በዚያ ሰዓት እንዲደርስ አደርገዋለሁ ብለዋል። መብራት በጠፋ ሳምንት ደግሞ እንጀራ ከጋጋሪ እንገዛለን። ቡናውም ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ይፈላል፤ ዕጣኑ እስክወልድ ይቆየኝ።

የጋጋሪ ልጅ

እናቴ እንጀራ እየጋገረች ነው ያሳደገችን። ከንጋቱ 10 ሰዓት ተነስታ በቀን እስከ 150 እንጀራ ታወጣ ነበር፤ ምጣዱን በጎመን ዘር ስታሰስ የሚነሳው ጭስ ብቻውን ዓይን ያስለቅሳል። እህቴ፣ ለልጅሽ ያሰብሽው ልክ ነው፣ ከጋጋሪ ግዢ። ነገር ግን ስትገዢ ማድ ቤቷን ተመልከቺ። እኛ ሰፈር አሁን የምትጋግረው ልጅ ስምንተኛ ወሯ ነው። ቤቷ ቆርቆሮ፣ በሩ አንድ፣ መስኮት የለውም። እዚህ ለአንቺ የተጻፈውን ሁሉ ለእሷ የነገራት ሰው የለም። ብትሰማም አንድ ቀን ካልጋገረች የቤት ኪራይ የላትም።

ምድጃ ሠሪው (ባሕር ዳር)

አዲስ አበባ የት ሰፈር እንደሆነች በግል መልእክት ጻፍልኝ። እዚያ ሲሚንቶ የሚሠራ ባልደረባ አለኝ፤ የአንድ ጭስ ማውጫ ቧንቧና የአንድ መስኮት ዋጋ ከእኔ ይሁን።

የሰባት ወር ነፍሰ ጡር (አዲስ አበባ)

ለእኔም ጻፍልኝ። የእኛ ማድ ቤት ከነገ ወዲያ ባዶ ነው፤ ሁለት መስኮት አለው። መስመሩ ከተዘረጋ በኋላ ምጣዱ ሌሊት ለእኛ፣ ቀን ለእሷ ይሠራል፤ እማማም እሺ ብለዋል።